የሚያዝያው ዝናብ ቀረ፤ ማሾ ይዘራ ወይስ አጭሩ ማሽላ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ስር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመ አዲስ የምትገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ለማንበብ እንዳትቸገሩ፣ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ እዚህ አስቀምጣለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው የማስረዳው። መሃል ላይ የኔንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ቤተሰቦቼ የሚያርሱት ቀወት ወረዳ፣ ከሸዋሮቢት ብዙም ሳይርቅ ነው። አራት ጥማድ መሬት አላቸው፣ አንድ ሄክታር ገደማ ማለት ነው። አባቴ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጠብ ሲል ደጋሌት ወይም ጅጉርቲ ይዘራል። ረጃጅሞቹ የአገር ማሽላዎች ናቸው፣ ስድስትና ሰባት ወር መሬት ላይ ይቆያሉ። ዘንድሮ ሚያዝያ ደርቆ አለፈ። ግንቦትም ያው ነው። የቀረን የክረምቱ ዝናብ ብቻ ሲሆን በእሱ ደግሞ ረጅሙ ማሽላ አይደርስም። ታዲያ ሐምሌ ላይ ምን ይዘራ? መልካም የሚባለው አጭር ማሽላ ወይስ ማሾ? ማሾ ከሆነስ ለማን ነው የሚሸጠው? አምና የማሾ ዋጋ ወድቆ እህሉን ለማራገፍ ነጋዴ መለመን ነበረብን፤ ለምን ወደቀ?

መልስ 1 የመጣው ከሀርቡ ነው። ሰውየው የአባቴን ጤና ጠይቆ ነው ወደ ነገሩ የገባው፣ እግዜር ይስጠው። እነሱ ጋ ሚያዝያ ሲቀር ወደ ማሾ መዞር የቆየ ልማድ ነው ይላል። ማሾ ከ60 እስከ 75 ቀን ይበቃዋል። ሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ መስከረም ላይ ይለቀማል፣ ዝናቡ ነሐሴ መጨረሻ ቢቋረጥ እንኳ ባዶ እጅ አያስቀርም። ራሳ የሚባለውን ዝርያ ፈልጉ ብሎ መከረን። መልስ 2 በዚህ ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። ማሾ ጥራጥሬ ስለሆነ መሬቱን ያለማል፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላይ የሚዘራው ማሽላ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። መልስ 3 ዘር ከየት እንደምናገኝ ብቻ ጠይቆ ወጣ።

ክሩ የጋለው ከመልስ 4 በኋላ ነው። የጻፈው የግብርና ባለሙያ ነው፣ ዕውቀቱም ያስታውቃል። መልካም በ2009 እ.ኤ.አ. ከመልካሳ የምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ እንደሆነ፣ በአራት ወር ገደማ እንደሚደርስና ዝናብ አጠር ላለባቸው ቆላማ ቦታዎች ታስቦ እንደተዘጋጀ አስረዳ። ማሾ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እህል አይደለም፣ ዋጋው ቢወድቅ ቤት ውስጥ እንጀራ አይሆንም ሲል አስጠነቀቀ። እዚህ ድረስ ማንም አልተቃወመውም። ቀጥሎ ግን ችግሩ የዝርያ እጥረት ሳይሆን የገበሬው እምቢተኝነት ነው አለ። በቃ፣ እሳት ተነሳ።

በመልስ 5 ከቆቦ የጻፉ አንድ አባት በትዕግስት ነው የመለሱለት። መልካምን ዘርተው ያውቃሉ። እህሉ ጥሩ ነው፣ ደረቁን ችሏል፣ እንጀራውም አይከፋም። ነገር ግን ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የአገሩ ማሽላ ከሰው ራስ በላይ ይሄዳል። አገዳው የበጋ መኖ ነው፣ የጎጆ ግድግዳና አጥር ነው፣ ማገዶም ነው። መልካምን በሙሉ መሬታቸው ላይ የዘሩበት ዓመት ከእህሉ ያተረፉትን ጭድ ሲገዙበት ከረሙ። በሬ በጋውን ካልበላ ሰኔ ላይ ሞፈር አይጎትትም። ስለዚህ ምርምር ጣቢያው ኩንታል ሲቆጥር እሳቸው ኩንታልና አገዳ ይቆጥራሉ። እኔ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ ከሳቸው ጋር ነኝ። የገበሬ ገቢ በሄክታር በተገኘ ኩንታል ብቻ ከተሰላ ሒሳቡ ከመነሻው ጎደሎ ነው።

መልስ 6 ግን ትዕግስት አልነበረውም። ባለሙያውን በአንተ እያለ፣ ቢሮ ተቀምጦ ገበሬ መስደብ ቀላል ነው፣ ከአበል ውጪ መስክ ወጥተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አፋጠጠው። መልስ 7 አንድ ሁለት ነገር ጨምሮበት ሊሰርዙት የሚገባ ቃል ሁሉ ጻፈ። መልስ 8 ላይ ባለሙያው ተመለሰ። መስክ ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ ተናግሮ፣ የአገዳውን ነገር እንደሚያውቅ፣ አሁን አሁን የምርምር ማዕከላቱም ዝርያ ሲመርጡ አገዳውን እንደሚያዩ አስረዳ። እምቢተኝነት የሚለውን ቃል ግን አላነሳም። ብዙ ሰው ይህን ነው የጠበቀው።

መልስ 9 ወፍ አመጣ። ይሄ ከባድ ነጥብ ነው። መልካም ከጎረቤት ማሽላ ሁለት ወር ቀድሞ ሲያሸት ግሪሳ ሌላ የሚበላው ስለሌለ ያቺን አንዲት ማሳ ብቻ ነው የሚወርድባት። ጸሐፊዋ ልጅነቷን የገለጸችው ማማ ላይ ቆማ ወንጭፍ ስታስወነጭፍ ነው። ወፏ ንጋት ላይና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ትመጣለች፣ ትምህርት ቤትም የሚከፈተው ልክ በዚያ ወቅት ነው። መስከረምን ሙሉ ከክፍል ትቀር ነበር። የአጭሩን ማሽላ ጥቅም የሚያሰላ ሰው የዚያን ልጅ የትምህርት ቀን እንዲያሰላ ጠየቀች። መልስ 10 ጥሩ ሐሳብ አቀረበ። ዘንድሮ ሚያዝያ የቀረው በሁሉም ላይ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ አጭር ማሽላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዘራ ጉዳቱ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከዘራ ግን ወፏ ከማሳ ማሳ እየተሻገረች ትከርማለች።

መልስ 11 አቀንጭራ ስለሚባለው አረም ነበር። ማሽላ በማሽላ ላይ እየደጋገሙ የሚዘሩ ሰዎች መሬታቸው ሐምራዊ አበባ ያወጣል፣ ሥር ሥሩን ይዞ ማሽላውን ይመጠዋል። አንዷ አረም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ይህ ሰው ጎብዬና አብሽር የሚባሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች እንዳሉ አስታወሰን። መልስ 12 ቀጥሎ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን ስም አነሳ። ማሽላ አቀንጭራን እንዲቋቋም በሠሩት ሥራ ነው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት። ከዚያ ግን ዝርያ ብቻውን አያድንም፣ ማሾን ወይም ሌላ ጥራጥሬ ማፈራረቅ አለበት ብሎ ወደ መልስ 2 መለሰን። ማሾና ማሽላን እንደ ባላንጣ አድርጌ ነበር የጠየቅኩት፤ ክሩ ግን እዚህ ጋ ሁለቱን አስታረቃቸው።

መልስ 13 አንድ ስህተት ይዞ መጣ፣ የተሻሻለ ዘር በየዓመቱ ካልተገዛ አይሠራም የሚል። ያው ባለሙያ መልስ 14 ላይ አረመው፣ በጨዋ ቋንቋ። በየዓመቱ የሚገዛው እንደ በቆሎው ቢኤች 660 ያለ ድቅል ዘር ነው። መልካም ድቅል አይደለም፣ ማሾም እንደዚያው። ገበሬው ጥሩ ጥሩውን ዘለላ መርጦ፣ ለብቻ አድርቆ ለጥቂት ዓመት ራሱ ማቆየት ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ አባቴም አልሰማም ነበር። ጥያቄ ያለው ሰው የገበሬዎች የምክር ስልክ በሆነው 8028 ላይ ደውሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ምክር ማግኘት እንደሚችል ጠቆመ።

ከመልስ 15 እስከ 18 ያለው ስለ ማሾ ሽሮ ነው። አንዷ ማሾን ቆልታ፣ ከክታ ሽሮ አድርጋዋለች፣ ጣፋጭ ነው አለች። ሌላው ሽሮ ያለ ሽምብራና ያለ አተር ምኑ ሽሮ ነው አለ። ሦስተኛው ንፍሮው እንደሚሻል፣ አራተኛው የማሾ ወጥ ከጎመን ጋር እንደሚጣፍጥ ጻፈ። ባለቤቴም አንብባ አስተያየት ነበራት። ወደ ጉዳያችን እንመለስ ብዬ ስለለመንኩ እዚያ ላይ ቆመ። የማሾን አሠራር የሚፈልግ ሰው ቢኖር አራቱንም ያንብብ፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ከሆነ ገበያ ሲወድቅ መውጫ አለ ማለት ነውና ነገሩ ተራ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ገበያው። መልስ 19 የጻፈው አምና እንደኛው የተጎዳ ገበሬ ነው። ጠዋት በአህያ ጭኖ ገበያ ሲደርስ ነጋዴዎቹ ተነጋግረው አንድ ዋጋ ይዘው ጠበቁት። ሚዛኑ ላይ ኩንታሉ ጎደለ። ቤቱ በሰፈር ሚዛን መዝኖ ነበር የወጣው። አልሸጥም ብሎ እንዳይመለስ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ አህያውም ኪራይ ነው። እጅ ሰጠ። ይህን ሳነብ አባቴን ነው ያየሁት።

መልስ 20 ምርት ገበያ እያለ ለምን ለደላላ ትሸጣላችሁ የሚል ነበር። መልስ 21 ከልብ ተናዶ መለሰለት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ለብዙ ሰው ጠቅሟል። እህል ደረጃ ወጥቶለት ይሸጣል፣ ክፍያው በማግስቱ ባንክ ይገባል፣ የዕለቱ ዋጋም በስልክ ይሰማል። ነገር ግን አንድ ሎት፣ ማለትም እዚያ በአንድ ጊዜ ለሽያጭ የሚቀርበው መጠን፣ 50 ኩንታል ነው። ግማሽ ሄክታር ማሾ የዘራ ገበሬ፣ በሄክታር 10 ኩንታል ገደማ ቢያገኝ፣ እጁ ላይ ያለው 5 ኩንታል ነው። ብቻውን ሄዶ ምን ይሸጣል? ስለዚህ ለሰፈሩ ነጋዴ ይሸጣል፣ ነጋዴው ከአሥርና ከሃያ ቤት ሰብስቦ ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ያስገባል፣ ልዩነቱን ይወስዳል። በኩንታል 500 ብር ልዩነት ቢኖር እንኳ 5 ኩንታል ላይ 2500 ብር ነው። ለድሃ ቤት ይህ የልጆች ደብተርና ልብስ ነው።

እዚህ ላይ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም ነበር፣ መልስ 22 አመጣው። መልስ 23 ግን ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ዘጋበት። እህሉን ለማኅበር አስረክቦ ገንዘቡን ያየው ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ዕዳ ደረሰ፣ አንዱን ወይፈን ሸጠ። ሁለተኛ አይለምደኝም አለ። መልስ 24 ማኅበራቱን ሁሉ ሌባ ብሎ ጠቀለላቸው፣ እኔ በዚህ አልስማማም። መልስ 25 የጻፈችው አንድ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ የምትሠራ ሴት ነች፣ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት የሷን ነው። አልተቆጣችም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ስርቆት ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ነው ትላለች። ማኅበሩ የሚገዛው በብድር ነው፤ ብድሩ የሚለቀቀው ደግሞ ገበሬው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ደህና የሚሠሩት ማኅበራት እህሉን ሲረከቡ የዋጋውን አብዛኛውን ክፍል ወዲያው ይከፍላሉ፣ ቀሪውን ከተሸጠ በኋላ በትርፍ ክፍፍል ይሰጣሉ። ስለዚህ ገበሬ ኩንታሉን ከማውረዱ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ መከረች። ብድሩ ተለቋል ወይ? ገዢው ውል ፈርሟል ወይ? ሲረከቡ ስንት ይከፍላሉ? መልሱ ዝም ከሆነ እህሉን ይዞ ይመለስ።

መልስ 26 ከሪያድ ነው። እህታችን በየዓመቱ ለወንድሟ የማዳበሪያ ብር ትልካለች፣ በየዓመቱም ዝናብ ይበላዋል። ዘንድሮ በዚያው ብር የውሃ ፓምፕ ገዝቶ ከሮቢ ወንዝ ሽንኩርት ቢያለማስ ብላ ጠየቀች። መልስ 27 ሐሳቡን ወድዶ አስጠነቀቃት። ሽንኩርት ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ነው የሚያወጣው፣ ያን ጊዜ ማሳ ላይ ተቆልሎ ሲበሰብስ ታይቷል። ፓምፑ ይገዛ፣ ግን ወንድምሽ ከሌሎቹ በሳምንታት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይትከል። ማሾንም በመስኖ ማልማት ይቻላል አላት።

መልስ 28 ከአርሲ የመጣው ሌላ መንገድ ያሳያል። እነሱ የቢራ ገብስ በውል ያመርታሉ። ዘርና ማዳበሪያ አስቀድሞ ይመጣል፣ ገዢውም ይታወቃል። ጥሩ ነው። ጣጣው ሁለት ነው። ከውሉ ውጭ ያለው የገበያ ዋጋ ከውሉ ዋጋ ሲበልጥ አንዳንዱ ገበሬ ለነጋዴ ያሾልካል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ውል ያጣል። ሁለተኛው፣ ፋብሪካው ፕሮቲኑ የበዛ ገብስ አይቀበልም። ዩሪያ ዘግይቶ የጨመረ ሰው ማሳው አምሮለት እህሉ ግን ተመልሶበታል። መኪና ላይ ተጭኖ የሄደ እህል ተመልሶ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ይህንን ቀድሞ የሚነግር ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ኪሳራ ባልመጣ።

መልስ 29 ዝናብ የማይፈልግ ሰብል ካላችሁማ ጓያ አለላችሁ አለ። መልስ 30 ቁርጥ ባለ ቃል ነው የመለሰለት፣ ትክክልም ነው። ጓያ ደረቅን ይችላል፣ ግን በድርቅ ጊዜ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አይድንም። መርዙ የቀነሰ ዋሴ የሚባል ዝርያ ወጥቷል። ቢሆንም ብቻውን ለማዕድ ማቅረብ አይገባም። ድርቅን የቻለ ሁሉ ሰውን ይጠቅማል ማለት አይደለም።

መልስ 31 አምና ማሾ ለምን ወደቀ ለሚለው ጥያቄዬ በቀጥታ መልስ የሞከረ ብቸኛው ነው። ሙሉ ምክንያቱን ይዣለሁ አላለም፣ ግን ማሾ በብዛት የሚሄደው ወደ ውጭ መሆኑን አስታወሰ። ሕንድ የካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የማሾ ግዢን ከነጻ ወደ ገደብ አሸጋግራለች። እንዲህ ያለ ውሳኔ ደልሂ ላይ ሲወሰን ሸዋሮቢት ያለ ነጋዴ እጁን ይሰበስባል፣ ገበሬው ግን ወሬውን የሚሰማው ማሾውን ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁሉንም መሬት በማሾ መሸፈን አደጋ ነው አለ። በዚህ ከመልስ 4 ጋር ተገናኙ፣ ሰውየው ያን ያህል ተሰድቦ ትክክል የነበረበት ቦታ እንደነበር ማንም አላነሳለትም። እኔ ላንሳለት።

መልስ 32 ነቀዝ ነው። ማሾን አቆይቼ ጥር ላይ እሸጣለሁ የሚል ሰው ሦስት ድርብ ያለውን ፒክስ ከረጢት ይጠቀም። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አንድ በአንድ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፣ አየር አጥቶ ነቀዙ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። ማሾው ግን በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል መድረቅ አለበት፣ አለዚያ ይሻግታል። በየሳምንቱ እየፈቱ ማየትም አይሆንም። መልስ 33 ደግሞ ማሾ እኩል እንደማይደርስ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ እንደሚለቀም፣ ይህንን የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች እንደሆኑ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ግን ማን እንደሚቆጥረው ጠየቀች። እናቴን ጠየቅኳት። አንቺስ ምን ትያለሽ ስላት፣ እኔ ከለቀምኩ እኔ ገበያ እሄዳለሁ አለች። አባቴ ተስማምቷል።

ዘንድሮ የወሰነው ይሄን ነው። ሁለት ጥማድ ማሾ። አንድ ጥማድ ተኩል መልካም፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ሳምንት የሚዘራ። በቀረው ግማሽ ጥማድ የአገሩን ማሽላ ጠቅጠቅ አድርጎ ይዘራል፣ እህል አይጠብቅበትም፣ ለበሬዎቹ ታጭዶ የሚሰጥ ነው። ይህኛውን ሐሳብ የሰጡት የቆቦው አባት ናቸው፣ በመልስ 34፣ እናመሰግናለን።

ለ50 ኩንታል አሥር ቤት ያስፈልጋል። እስካሁን ስድስት ቤቶች አብረን እንሽጥ ብለዋል። አራት ይቀራል፣ ሁለቱ የሚያቅማሙት እንደ መልስ 23 ከዚህ በፊት ተጎድተው ነው። የመልስ 25 እህታችን፣ እባክሽ አንድ ነገር ጨምሪልን። አሥሩ ቤት ያለ ማኅበር በራሱ ተሰብስቦ መጋዘን ማስገባት ይችላል ወይ? ካልቻለ ከማኅበሩ ጋር ስንዋዋል ሚዛኑ ፊታችን እንዲመዘን ውሉ ላይ እንዴት ተብሎ ይጻፍ? እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ ብታደርሽልን ከመዝራታችን በፊት እንነጋገርበታለን።